ኒኮ ፓፓታኪስና የተመልካቾቹ ቁጣ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ ሆነች። ከዚራና መጋላ በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ አደጉ፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዐረቦችና ሕንዶችም ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር በአንድ ገበያ ይገናኙ ጀመር። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ይኸው የድሬዳዋ ዓይነት ኑሮ ወደ መሀል አገር ዘለቀ። አገር ከአገር የተገናኘበት ያ ዘመን ካፈራቸው ሰዎች አንዱ፣ ከግሪካዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በ1918 አዲስ አበባ ላይ የተወለደው ኒኮ ፓፓታኪስ ነው። በአገራችን ፓፓታኪስ የሚለው ስም ይበልጥ የሚታወቀው «ጉማ» የተባለውን ፊልም ባዘጋጀው በሚሼል ፓፓታኪስ ነው። ኒኮ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስሙ የገነነውም በፓሪስ ነበር።

የኢጣልያ ፋሺስት ጦር በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር ኒኮ ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። ይሁን እንጂ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር መዲናይቱ ተያዘች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድሬዳዋም በጠላት እጅ ስለ ወደቀች ወደ ባሕር የሚያወጣው የሐዲድ መንገድ በወራሪው ቁጥጥር ሥር ሆነ። ኒኮ አገሩን ለቆ ወደ ሊባኖስ፣ ከዚያም ወደ ግሪክ ተሰደደ። በ1939 ፓሪስ ሲገባ ሀብትም ዘመድም የሌለው ስደተኛ ነበር።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ በ1947፣ «ላ ሮዝ ሩዥ» ማለትም «ቀይ ጽጌረዳ» የተባለ የምሽት ቤት ከፈተ። ዡልየት ግሬኮ የዘፈነችበት፣ «ፍሬር ዣክ» የተባሉት ድምፃውያን ዝና ያገኙበት ይህ ቤት ፈላስፋውና ባለቅኔው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ የሚገናኙበት ሥፍራ ሆነ። ኒኮ ከሳርትርና ከዣክ ፕሬቬር ጋር ወዳጅነት ያፈራው በእነዚያ የፓሪስ ዓመታት ነው። ከሁሉም ይልቅ ሕይወቱን የነካው ግን ደራሲው ዣን ዤኔ ነበር። ዤኔ እናቱ ለመንግሥት ማሳደጊያ አሳልፋ የሰጠችው፣ በሌብነት ደጋግሞ የታሰረና የመጀመሪያ ድርሰቶቹን በእስር ቤት የጻፈ ሰው ነው። ወንድን የሚወድ ወንድ መሆኑንም ከማንም አልደበቀም።

በ1950 ዤኔ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ፊልም ሠራ፤ ገንዘቡን ያወጣው ኒኮ ነበር። «የፍቅር ዜማ» የተባለው ይህ ድምፅ አልባ ፊልም 26 ደቂቃ ያህል ብቻ ይረዝማል። ሁለት እስረኞች በአንድ ግንብ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ግንቡን በቀጭን ጭራሮ ቀዳዳ አንዱ የሲጋራውን ጢስ ለሌላው ያቀብለዋል። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል፤ በሚያየው ነገር እየተናደደና እየቀና ይገባና እስረኛውን ይደበድባል። በፊልሙ ውስጥ ጨካኙ ሰው ተመልካቹ መሆኑን ልብ ይሏል። ሌሎቹ ያላቸው ናፍቆት ብቻ ነው፤ የእሱ ድርሻ ጥላቻ ነው፤ ጥላቻውም የሚመነጨው ከራሱ ያልተገለጠ ፍላጎት ነው።

የዘመኑ ፈረንሳይ ይህን ለማየት ዝግጁ አልነበረችም። በ1942 በቪሺ መንግሥት የወጣው ሕግ ለእንዲህ ያለው ግንኙነት ከሌላው የተለየና ከፍ ያለ የዕድሜ ገደብ ደንግጎ ነበር፤ ያም እስከ 1982 አልተሻረም። በ1960ም የአገሪቱ ሕግ አውጪ አካል ነገሩን ከስካርና ከሴተኛ አዳሪነት ጋር በማኅበራዊ መቅሠፍትነት መደበው። ስለዚህ ፊልሙ በአደባባይ እንዳይታይ ተከለከለ፤ ቅጂዎቹም በስውር ለሀብታም ሰብሳቢዎች ይሸጡ ነበር። በ1964 ዮናስ መካስ የተባለው ፊልም ሠሪ ኒው ዮርክ ላይ ስላሳየው ታሰረ። በካሊፎርኒያ የተነሣው ክርክርም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1967 ዳኞቹ አምስት ለአራት ተከፍለው ክልከላውን አጸኑ። በ1975 ግን የፈረንሳይ የፊልም መሥሪያ ቤት ያንኑ ፊልም በገንዘብ ሸለመው። ትናንት ያወገዘ መንግሥት ዛሬ ሲሸልም ዤኔ ተቆጣ፤ ሽልማቱንም አልቀበልም አለ። ፊልሙን ለሽልማት ካቀረበው ከኒኮ ጋርም ተቀያየመ። የሃያ አምስት ዓመት ክልከላ ያላፈረሰውን ወዳጅነት ሽልማት አቀዘቀዘው።

ኒኮ በ1950ዎቹ ማብቂያ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ጆን ካሳቬቴስን አገኘ፤ በገንዘብም ረድቶት በጥቁር አሜሪካውያን ወንድማማችና እኅት ታሪክ የዘርን መድልዎ የሚያሳየው «ጥላዎች» በ1959 ተፈጸመ። ጀርመናዊቷ ዘፋኝ ኒኮም የመድረክ ስሟን የወሰደችው ከእርሱ ነው። ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ የቀረበው በ1963 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው «ሌ ዛቢስ» ሁለት እኅትማማች የቤት ሠራተኞች አሳዳሪዎቻቸውን ከገደሉበት የ1933 እውነተኛ ወንጀል የተነሣ ነው። በካን የፊልም በዓል ብዙው ተመልካች አወገዘው፤ ሳርትር፣ ሲሞን ደ ቦቯርና ዤኔ ደግሞ በጋዜጣ ተከላከሉለት። በአልጄሪያ ጦርነት ስለ ተፈጸመው የሥቃይ ምርመራ የሚናገረው የ1976ቱ «ግሎሪያ ሙንዲ» የባሰ ገጠመው፤ በሲኒማ ቤት ቦንብ ስለ ተጣለ ከመታየት ተነሣ።

ይሁንና የኒኮን ልብ ይበልጥ የሚገልጸው የመጨረሻ ፊልሙ፣ በ1991 የወጣው «ሌ ዜኪሊብሪስት» ነው። መነሻው የዤኔ ሐዘን ነው። ዤኔ ከአልጄሪያዊ አባትና ከጀርመናዊት እናት የተወለደውን አብደላ ቤንታጋ የተባለ የሰርከስ ወጣት ወድዶ ነበር፤ በገመድ ላይ እንዲራመድ አበረታታው፤ በ1958ም ስለ እርሱ ጽሑፍ አሳተመ። ወጣቱ ከገመድ ወደቀ፤ አካሉም ተጎዳ፤ የዤኔም ፊት ወደ ሌላ ዞረ። በ1964 አብደላ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዤኔ ብዕሩን ለመስበር ማለ፤ ለዓመታትም ዝም አለ።

ኒኮ ይህን ታሪክ ስሙን ለውጦ፣ ሚሼል ፒኮሊን በደራሲው ቦታ አቁሞ አቀረበው። ፊልሙ ለማንም አይመችም። የወንዶችን ፍቅር የሚጠላ ተመልካች የሚፈርድበትን ብልግና ፈልጎ ሲመጣ የሚያገኘው የሙት ወዳጅ ሐዘን ነው። የዤኔ አድናቂ ደግሞ የተበደለ ጻድቅ ፈልጎ ሲመጣ፣ ድኻውንና ክልሱን ልጅ እንደ መሣሪያ ተጠቅሞ የጣለ ታላቅ ሰው ያገኛል። ሁለቱም ከሲኒማ ቤቱ ሲወጡ ፍርዳቸው ከእጃቸው ያመልጣል። ኒኮ፣ ራሱ ከሁለት ሕዝብ የተወለደ፣ ዓይኑን ያሳረፈው በዝነኛው ላይ ብቻ ሳይሆን ገመዱ ላይ በቆመው ልጅ ላይም ነው።

በአገራችን ልማድ የተቀያየመ ሰው ሳይቀር ለቅሶ ይደርሳል። ዤኔ በ1986 ሲሞት በሁለቱ መካከል የቆየ ቂም ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው ይህ ፊልም ግን ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ ይመስላል። ለቀስተኛው ሟቹን አላሞገሰም፤ ጥፋቱንም አልሸፈነም። ነገር ግን ኅብረተሰቡ ድንኳን ለማይጥልለት ሐዘን ድንኳን ጣለ።

ፓፓታኪስ የሕይወት ታሪኩን በ2003 አሳትሞ፣ በዲሴምበር 2010 በ92 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። በትውልድ አገሩ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣ በመሆኑ፣ ከዤኔ ጋር የተያያዙት ሁለት ፊልሞች ከድሬዳዋም ሆነ ከአዲስ አበባ አደባባይ ርቀው ይኖራሉ። የሕይወቱ ትምህርት ግን ለሙያ ባልደረቦች ሁሉ የሚተርፍ ነው። ተመልካች ሲቆጣ ፊልሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። ቁጣው የሚነግረን በመጀመሪያ ስለ ተመልካቹ ነው፤ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያየ እንደነበረው ጠባቂ፣ የሚደበድበው ሰው ምን እንዳደረገው ራሱን ይጠይቅ ዘንድ ፊልሙ ፊት ለፊቱ ያቆመዋል። ኒኮ ፓፓታኪስ ከዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ስደትን ያወቀ ሰው ነበርና፣ በዕድሜው ሙሉ ገንዘቡንና ስሙን ያዋለው በደጅ ለቀሩት ሰዎች ነው።