የጆ ሉዊስ 25 ድሎች እና የማያልቀው ዕዳ

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም ምሽት በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው ያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ የቡጢ ፍልሚያ ለማየት ተሰብስቧል። በመድረኩ አንደኛው ጥግ የቀድሞው የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ቆሟል። በሌላው ጥግ ከእርሱ በ30 ኪሎ ግራም ገደማ የሚቀልለው የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ይጠባበቃል።

ጊዜው የወልወል ግጭት ከተከሰተ ሰባት ወራት ያልሞላው፣ የሙሶሎኒ መንግሥትም ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ የሚያጓጉዝበት ነበር። ስለዚህ ጥቁር አሜሪካውያን ፍልሚያውን የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ብቻ አድርገው አላዩትም። ጋዜጦቻቸው ጆ ሉዊስን በኢትዮጵያ፣ ካርኔራን በጣሊያን መስለው አቀረቧቸው። በስድስተኛው ዙር ግዙፉ ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ዳኛውም ፍልሚያውን አስቆመ። ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሃርለም ሰፈር ሕዝቡ ወደ ጎዳና ወጥቶ ጨፈረ።

ይሁን እንጂ ቡጢ ጦር አይመልስም። ሦስት ወራት አልፈው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የፋሺስት ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ከዚያች የሰኔ ምሽት ጀምሮ ግን ጆ ሉዊስ ወደ መድረክ በወጣ ቁጥር የሌሎችን ተስፋ ተሸክሞ መውጣቱ አልቀረም።

ጆ ሉዊስ እ.አ.አ በ1914 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት በአላባማ ተወለደ። ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ሉዊስ ባሮ ሲሆን ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነው። ወላጆቹ የቀድሞ ባሮች ልጆች ነበሩ፤ በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ለባለ መሬቱ በማካፈል ይተዳደሩ ነበር። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል ገባ። እናቱ ሊሊ ሌላ ባል አግብታ እ.አ.አ በ1926 ቤተሰቡ የደቡቡን ድህነትና የነጭ ዘረኞችን ጥቃት ሸሽቶ ወደ ኢንዱስትሪ ከተማዋ ዲትሮይት ተሰደደ።

እናቱ ልጇ ቫዮሊን እንዲማር ትሻ ነበር። እርሱ ግን ለትምህርቱ የሰጠችውን ገንዘብ ለቡጢ ሥልጠና አዋለው፤ የቡጢ ጓንቱንም በቫዮሊኑ ማኅደር ውስጥ ይደብቅ እንደነበር ይነገራል። እ.አ.አ በ1932 ባደረገው የመጀመሪያ የአማተር ውድድሩ ሰባት ጊዜ ወድቆ ተሸነፈ። ተስፋ ግን አልቆረጠም። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ የአማተር ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይም በቺካጎ ከተማ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ፍልሚያውን በዝረራ አሸንፎ 59 ዶላር ተከፈለው።

ከዚህ በኋላ የነበረው መንገድ ለጥቁር ቡጢኛ ጠባብ ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን እ.አ.አ በ1915 ማዕረጉን ካጣ ወዲህ ለሃያ ዓመታት ያህል ለዚያ ማዕረግ እንዲፋለም የተፈቀደለት ጥቁር አልነበረም። ስለዚህ የጆ ሉዊስ ወኪሎች ጥብቅ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡለት። በወደቀ ተጋጣሚ ላይ እንዳይፎክር፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሳ፣ በአደባባይም ንግግሩን እንዲቆጥብ አዘዙት። አሠልጣኙ ጃክ ብላክበርን ደግሞ ጥቁር ቡጢኛ የነጥብ ዳኞችን ፍርድ መጠበቅ እንደሌለበት አስተማረው፤ ዳኛ ሊከራከርበት የማይችለው ድል በዝረራ የተገኘ ድል ነውና።

እ.አ.አ በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ይህን ወጣት በጥንቃቄ አጠናው። ጆ ሉዊስ ግራ እጁን ሰንዝሮ ሲመልስ ዝቅ እንደሚያደርገው አስተዋለ፤ በዚያ ክፍተት ቀኙን እየላከ በአሥራ ሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። የናዚ መንግሥትም ድሉን ለዘር ፕሮፓጋንዳው አዋለው። ጆ ሉዊስ በቀጣዩ ዓመት ጄምስ ብራዶክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም ሽሜሊንግን ሳያሸንፍ ማዕረጉ ሙሉ እንዳልሆነ ያምን ነበር።

እ.አ.አ ሰኔ 22 ቀን 1938 ሁለቱ በያንኪ ስታዲየም ዳግም ተገናኙ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በራዲዮ ይከታተሉ ነበር። ፍልሚያው የፈጀው ሁለት ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ ብቻ ነው። ሽሜሊንግ በመጀመሪያው ዙር ተዘርሮ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። በመቀመጫ፣ በትምህርት ቤትና በአውቶቡስ ሳይቀር ጥቁሮችን ትለይ የነበረችው አሜሪካ በዚያች ምሽት ጥቁሩን ልጅ የራሷ ጀግና አድርጋ አወደሰችው።

የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖችን ታላቅነት የሚያነጻጽሩ የስፖርቱ አዋቂዎች በተለያየ ሚዛን ይመዝናሉ። አንዳንዶች ሽንፈት አለማወቅን ያስቀድማሉ፤ በዚህ መለኪያ 49 ጊዜ ተፋልሞ 49 ጊዜ ያሸነፈው ሮኪ ማርሲያኖ ይቀድማል። ሌሎች ወድቆ መነሳትን ያያሉ፤ ማዕረጉን ሦስት ጊዜ የተቀዳጀው መሐመድ አሊ በዚህ ይልቃል። ዘመንና የማዕረግ መከላከል ሲቆጠር ግን ጆ ሉዊስን የሚያህል የለም። ለ11 ዓመት ከስምንት ወር ማዕረጉን ይዞ 25 ጊዜ ሳያስነጥቅ ተከላክሏል። በፕሮፌሽናል ዘመኑ ከተሸነፈባቸው ሦስት ፍልሚያዎች አንዱ ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት፣ ሁለቱ ማዕረጉን በፈቃዱ ከለቀቀ በኋላ የመጡ ናቸው።

ተቺዎች ይህን ቁጥር ያቃልሉታል። ከ1940 መጨረሻ እስከ 1941 አጋማሽ በየወሩ ይፋለም በነበረበት ጊዜ ጋዜጠኞች ተጋጣሚዎቹን በደካማነታቸው ያፌዙባቸው ነበር። ትችቱ መነሻ ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። ጆ ሉዊስ ከፈተኑት ሰዎች አልሸሸም። ሊረቱት ጥቂት የቀራቸውን አርቱሮ ጎዶይን፣ ቢሊ ኮንንና ጀርሲ ጆ ዎልኮትን ዳግም ገጥሞ ሁሉንም በዝረራ አሸንፏቸዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሻምፒዮኖች በራቸውን በጥቁር ተፎካካሪዎች ላይ ሲዘጉ እርሱ ለጥቁሮቹ ለጆን ሄንሪ ሉዊስና ለዎልኮት ዕድል ሰጥቷል።

ከ25ቱ መካከል ሁለቱ ድሎች ግን ልዩ ናቸው። እ.አ.አ በ1942 መጀመሪያ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ማግሥት ጆ ሉዊስ ቡዲ ቤርንና ኤብ ሳይመንን ገጥሞ የድርሻውን ገንዘብ ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር የዕርዳታ ማኅበራት ሰጠ። ማዕረጉን ያለ ክፍያ ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ 96 የትርዒት ፍልሚያዎችን በሁለት ሚሊዮን ገደማ ወታደሮች ፊት አሳየ። ጥቁር ወታደሮች ተለይተው በሚኖሩበት በዚያ ሠራዊት ውስጥ ዝናውን ለወገኖቹ ተጠቀመበት። በኋላ በቤዝቦል ታሪክ የሠራው ጃኪ ሮቢንሰንና ጓደኞቹ ወደ መኮንንነት ሥልጠና እንዲገቡ ረድቷል።

ከጦርነቱ በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሒሳቡን መረመረ። ለወታደር ቤተሰቦች የለገሰውን ገንዘብ ሳይቀር እንደ ገቢው ቆጥሮ ግብር ጠየቀበት። ጆ ሉዊስ በቡጢ ከተገኘው ከ4 ሚሊዮን በላይ ዶላር በእጁ የገባው ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበር፤ የቀረውን ወኪሎችና ወጪዎች ተካፍለውታል። እርሱም ለሰጪነቱ ልክ አልነበረውም፤ ቤተሰቡ በችግር ጊዜ ከዲትሮይት ከተማ የተቀበለውን የዕርዳታ ገንዘብ እንኳ መልሶ ከፍሏል። ዕዳው ወለድ እየወለደ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

ስለዚህ እ.አ.አ በ1949 በክብር የተወውን መድረክ ለዕዳ ሲል ተመለሰበት። በ1950 በኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ። በ1951 ደግሞ የ37 ዓመቱ ጆ ሉዊስ የ28 ዓመቱን ሮኪ ማርሲያኖን ገጥሞ በስምንተኛው ዙር ወደቀ። ማርሲያኖ አሸንፎ ሳለ በልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ማልቀሱ ይነገራል። የማርሲያኖ ንጹሕ መዝገብ ከሚኮራባቸው ስሞች አንዱ እንዲህ ያለ የደከመ ሰው ነው። ሁለቱን በቁጥር ብቻ የሚያነጻጽር ይህንን ሊዘነጋ አይገባም።

በኋላ ጆ ሉዊስ በትርዒት ትግል ሠራ፤ የግብር መሥሪያ ቤቱም ዕዳውን መሰብሰቡን በገቢው ልክ ወሰነለት። በመጨረሻ ዘመኑ በላስ ቬጋስ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበር። በዚያ ዘመን ከጎኑ ከቆሙት አንዱ በያንኪ ስታዲየም የዘረረው ሽሜሊንግ ነው። ሽሜሊንግ የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ እ.አ.አ በ1938 ሁለት አይሁዳውያን ልጆችን ደብቆ አድኗል። ሁለቱ ባላንጣዎች በእርጅናቸው ወዳጆች ሆኑ።

ጆ ሉዊስ እ.አ.አ ሚያዝያ 12 ቀን 1981 በ66 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። በዋዜማው ምሽት የከባድ ሚዛን የማዕረግ ፍልሚያ በቦታው ተገኝቶ ተመልክቶ ነበር። በፕሬዚዳንት ሬገን ልዩ ፈቃድ በአርሊንግተን ብሔራዊ የወታደሮች መካነ መቃብር በክብር ተቀበረ፤ ለቀብሩ ወጪ ካዋጡት መካከልም ሽሜሊንግ ይገኝበታል።

በዲትሮይት ከተማ መሐል ዛሬ ትልቅ የነሐስ ክንድና ጡጫ ተንጠልጥሎ ይታያል። የ25ቱ ድሎች ክብረ ወሰን በከባድ ሚዛን እስከ አሁን አልተሰበረም። በመዝገቡ ላይ ሁሉም ድሎች እኩል ተቆጥረዋል። ጆ ሉዊስን ከሌሎቹ ሻምፒዮኖች የሚለዩት ግን ማዕረጉን በነጻ ለአደጋ ያጋለጠባቸው፣ አገሩም ግብር የጠየቀባቸው እነዚያ ሁለት ድሎች ናቸው።