ዩሊዩስ ኩን፤ መሬት ደከመ ሲባል ትሉን የፈለጉ የእርሻ ሊቅ

በ19ኛው መቶ ዘመን በጀርመን አገር በሳክሶኒ ክፍል የብዙ ገበሬና የብዙ ፋብሪካ ኑሮ የተመሠረተው ስኳር በሚመረትበት የቀይ ሥር ዓይነት ላይ ነበር። ገበሬው ገቢውን ለማሳደግ ሲል ይህንኑ ተክል ከዓመት ዓመት በአንድ ማሳ ላይ ይዘራ ጀመር። ውሎ አድሮ ግን ቅጠሉ ጠወለገ፤ ሥሩ ቀጨጨ፤ ምርቱም አሽቆለቆለ። መሬቱ ደከመ፣ ፖታሽ አለቀበት ተባለ። ማዳበሪያ ቢጨመርበትም አላገገመም።

የዚህን ችግር መንስኤ በመመርመር ከፍተኛ ድርሻ ያበረከቱት ዩሊዩስ ኩን እ.ኤ.አ. በ1825 በፑልስኒትዝ ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት በእርሻ ሥራ አስኪያጅነት ሠርተዋል። በ1858 ስለ ሰብል በሽታዎች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1862 የሃሌ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ሄርማን ሻክት የተባሉ የዕፀዋት ተመራማሪ በ1859 በቀይ ሥሩ ሥር ላይ ኔማቶድ የተባለውን ጥቃቅን ትል አግኝተው ነበር። ኩን ደግሞ መሬቱን ያደከመው የማዕድን እጥረት ሳይሆን ይኸው ትል መሆኑን በሙከራ አሳዩ።

ትሉ ጉዳት የሚያደርሰው እንደሚከተለው ነው። እናቲቱ ስትሞት አካልዋ ደርቆ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች የሚይዝ ቡናማ ከረጢት ይሆናል፤ በአፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ከተስማሚ ተክል ሥር የሚወጣው ፈሳሽ እንቁላሉን ይቀሰቅሰዋል። የተፈለፈለው ትል በመርፌ መሰል አፉ ሥሩን በስቶ ይገባል፤ ምራቁን ረጭቶም የተክሉን ሕዋሳት የራሱ መጋቢ ያደርጋቸዋል። ሴቲቱ ከዚያ በኋላ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም።

ኩን በ1871 ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለውን መድኃኒት በአፈር ውስጥ ሞከሩ፤ አጥጋቢ ውጤት ግን አላገኙም። ስለዚህ ትሉን በራሱ ጠባይ ለማጥመድ አሰቡ። ትሉ የሚወደውን የጎመን ዘር ወገን ዘርተው፣ ወጣቶቹ ትሎች ሥሩ ውስጥ ገብተው መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው፣ ሴቶቹ እንቁላል ሳይሞሉ ተክሉን ነቅሎ ማጥፋት ነው። ዘዴው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ነቀላው ጥቂት ቀናት ከዘገየ ወጥመዱ ራሱ የትል ማራቢያ ይሆናል።

ኩን በ1878 በሃሌ የጀመሩት፣ በአንድ ማሳ ላይ ራይ የተባለውን እህል በየዓመቱ የመዝራት ሙከራ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። እርሳቸው በ1910 አረፉ።

ሐሳባቸው ግን አልሞተም። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ትሉን የሚቋቋሙ የሰናፍጭና የፍጅል ዝርያዎችን አገኙ። የእነዚህ ሥር ትሉን ቀስቅሶ ያስገባል፤ ነገር ግን መጋቢ ሕዋሳቱ ስለሚፈራርሱ ብዙዎቹ ሴቶች በረሃብ ያልቃሉ። ስለሆነም የነቀላው ቀን እንደ ቀድሞው አያስጨንቅም። ከዱር ቀይ ሥር የተገኘ አንድ የመቋቋሚያ ዘረ መልም በ1997 ተለይቶ ታወቀ።

በአገራችንም የቲማቲምን ሥር የሚያሳብጥ የዚሁ ትል ዘመድ አለ። ያለ ምክንያት የቀጨጨ ተክል ያየ ገበሬ መሬቱን ከመውቀሱ በፊት ሥሩን ነቅሎ ቢመለከት፣ ሰብልንም ቢያፈራርቅ፣ ከኩን ሕይወት ትልቁን ትምህርት ቀሰመ ማለት ነው።