አሸዋውን ያሸነፈው የአናጢው ልጅ

ቆቦ ውስጥ በጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ ገና ለመጫወት የሞከረ ሰው ይህን ታሪክ ቶሎ ይረዳዋል። ሩሯ አሸዋ ውስጥ ከገባች ዱላው አሸዋውን ይዝቃል እንጂ እሷን አያነሳትም። የጎልፍ ተጫዋቾችም ራስ ምታት ይኸው ነበር። ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድና በዙሪያው ያለውን ለስላሳ ሣር ከበው የሚጠብቁ፣ ባንከር የሚባሉ የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። ድሮ ኳስ እዚያ ገባች ማለት ጉድ ፈላ ማለት ነበር። ለዚህ መላ በማበጀት ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ጂን ሳራዜን ነው።

ሳራዜን በ1902 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃሪሰን በተባለች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጣሊያን የተሰደዱ ድሆች ሲሆኑ አባቱ አናጢ ነበር። ልጁ ከ8 ዓመቱ ጀምሮ የሃብታሞችን የጎልፍ ዱላ እየተሸከመ ሳንቲም ይለቅም ነበር። አባትየው መጋዝና መዶሻ እንዲይዝ ቢፈልግም ልጁ አሻፈረኝ አለ። ዩጂኒዮ ሳራቼኒ የሚለውን ስሙን እንኳ የቫዮሊን ተጫዋች ስም ይመስላል ብሎ ቀየረው።

በ1922 ገና በ20 ዓመቱ ዩኤስ ኦፕንንም ፒጂኤንም ጠራርጎ ወሰደ። በ1923 ፒጂኤን ደገመ። ከዚያ በኋላ ግን ድርቅ መታው። እስከ 1932 ድረስ አንድም ታላቅ ዋንጫ አላነሳም። ከበደሉት ነገሮች አንዱ አሸዋ ነበር። የዘመኑ ዱላ ስል ስለነበር አሸዋው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ታዲያ ሳራዜን አውሮፕላን ሲማር አንድ ነገር አየ። የጭራው ክፍል ዝቅ ሲል አፍንጫው ቀና ይላል። ዱላዬንስ እንዲህ ባደርገው ብሎ አሰበ። የብየዳ እርሳስ ገዝቶ በዱላው ሆድ ላይ እየለጠፈ፣ እየሞረደ፣ አሸዋ ላይ እየሞከረ ሠራው። አባቱ የተመኙለት የእጅ ሥራ በሌላ በኩል መጣ ማለት ነው። አዲሱ ዱላ ኳሷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን አሸዋ ይመታል፤ ሳይሰምጥ ሸርተት ሲል አሸዋው ኳሷን ተሸክሞ ያወጣታል። ሳንድ ዌጅ የሚባለው ይኸው ነው።

በ1932 ብሪቲሽ ኦፕን ላይ ዳኞች እንዳይከለክሉት ፈርቶ ዱላውን ገልብጦ ከቦርሳው ደበቀው። በ283 ምት፣ በ5 ምት ልዩነት አሸነፈ። ወዲያው ዩኤስ ኦፕንንም ደገመ። በ1935 ማስተርስ ላይ ደግሞ ከ215 ሜትር ገደማ ርቀት በአንድ ምት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮ ጉድ አሰኘ፤ በማግስቱ በተደረገው መለያ ዋንጫውን ወሰደ። በዚህም አራቱን ታላላቅ ዋንጫዎች ያሟላ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1973 በ71 ዓመቱ ወደ ብሪቲሽ ኦፕን ተመልሶ ትሩን ሜዳ ላይ በ8ኛው ጉድጓድ ኳሷን በአንድ ምት ጨመራት። በማግስቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ባንከር ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ግን ሳንድ ዌጁን አነሳና ከአሸዋው በቀጥታ ጉድጓድ ውስጥ አስገባት።

ሳራዜን በግንቦት 1999 በ97 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጎልፍ ተጫዋች ከአሸዋ ለመውጣት ቦርሳው ውስጥ እጁን ሲከት የሚያገኘው የዚያን የአናጢ ልጅ ሥራ ነው።