ሴሲል ኪምበር፦ የኤም ጂ መኪና አባት

ቤርሼባ መንገድ ላይ አፍንጫቸው ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት ያለባቸው መኪኖች በዝተዋል። ኤም ጂ ናቸው። ብዙዎቻችን የቻይና መኪና ብለን እናልፋቸዋለን፤ እውነትም ከ2005 ጀምሮ ስሙ የቻይና ኩባንያዎች ንብረት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።) ምልክቱ ግን የመጣው ከእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ ከተማ ነው። ሁለቱ ፊደላት የሞሪስ ጋራዦች ማለት ናቸው፤ ሞሪስ ደግሞ ባለቤቱ ዊልያም ሞሪስ ነው። መኪናውን የፈጠረው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። እኛም ዘንድሮ የእሱን ታሪክ ልናጫውታችሁ መረጥን።

ሴሲል ኪምበር በ1888 ለንደን ተወለደ። ወጣት ሳለ ሞተር ሳይክል ይወድ ነበር፤ ታዲያ በሞተሩ ላይ እንዳለ አደጋ ደርሶበት አንድ እግሩ ክፉኛ ተጎዳ። ዳነ፣ ግን እግሩ አጥሮ ቀረ። በካሳው ገንዘብ ምን ቢገዛ ጥሩ ነው? መኪና! አባቱ ገንዘቡን በቤተሰቡ ንግድ ላይ እንዲያውለው ፈልገው ስለነበር ክፉኛ ተቀየሙት ይባላል።

በ1921 በሞሪስ ጋራዥ የሽያጭ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ በዓመቱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የሞሪስ መኪና ጠንካራ ግን ረጅምና ቀርፋፋ የቤተሰብ መኪና ነበር። ኪምበር ያንኑ ሻንሲ ወስዶ ባሌስትራውን ዝቅ አደረገ፣ መሪውን አዘነበለ፣ ከላይ ቀለል ያለ ቆንጆ አካል አለበሰው። ከአዲስ አልጀመረም፤ ያለውን ነው ያሳመረው። በእኛ አስተያየት ትልቁ ሥራው ግን በ1928 ያሳየው ሚጀት የምትባለው ትንሿ መኪና ናት። ሞተሯ 847 ሲሲ፣ ዋጋዋ 175 ፓውንድ። የስፖርት መኪና የባለጸጋ ዕቃ በነበረበት ዘመን ደመወዝተኛ ወጣትም ሊመኛት የሚችል ሆነች። በ1933 ደግሞ ጣሊያናዊው ታዚዮ ኑቮላሪ በኤም ጂ ኬ3 ነድቶ የቱሪስት ትሮፊን ውድድር አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። እስከ 1935 ድረስ ኤም ጂ የሞሪስ የግል ንብረት ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ትልቁ የሞሪስ ኩባንያ ተዛወረና የውድድሩ ክፍል ተዘጋ። ኪምበር ስሙ አለቃ ቢሆንም ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። ጦርነቱ ሲመጣ መኪና መሥራት ቆመ፤ ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ ብሎ የአውሮፕላን አካል የመሥራት ሥራ ራሱ ፈልጎ አመጣ። የበላዮቹን አላስፈቀደም ነበር። በ1941 አባረሩት። ሃያ ዓመት ከሠራበት ቦታ እንዲህ በቀላሉ!

የካቲት 4 ቀን 1945 ማታ ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ዳገቱ አቅቶት ወደ ኋላ ተንሸራተተና አንዱ ፉርጎ ተገለበጠ። የሞቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ኪምበር ነው። 56 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፋብሪካው ቲሲ የተባለውን ባለ ሁለት ወንበር መኪና ማውጣት ጀመረ። እንግሊዝ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደዱት፣ ስሙም ባሕር ተሻገረ። በ1955 ኤምጂኤ፣ በ1962 ኤምጂቢ ተከተሉ፤ የኋለኛው ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። የአቢንግደኑ ፋብሪካ በ1980 ተዘጋ።