ታላቁ ድራም መቺ ጆን ቦናም

ወጣቶች በተሰበሰቡበት ስፍራ ክርክር አይጠፋም። በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ፣ ቡና ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ አንዱ ስለ ኳስ ተጫዋች፣ ሌላው ስለ ዘፋኝ ይሟገታል። በሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ደግሞ ከድራም መቺዎች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። አንዱ ኪት ሙንን፣ ሌላው ጂንጀር ቤከርን፣ ሌላው የቢትልሱን ሪንጎ ስታርን ያስቀድማል። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2016 አንድ መቶ ድራም መቺዎችን በየደረጃቸው ሲዘረዝር ግን የመጀመሪያውን ስፍራ የሰጠው ለእንግሊዛዊው ለጆን ቦናም ነበር። የዚህን ሰው ሕይወት ከዚህ ቀጥለን በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከበሮ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በማኅሌት፣ በመንዙማና በሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ሰምቶ ያላደገ የለም። ከበሮ መቺው ሲያዘግም ሁሉም ያዘግማል፤ ሲያፋጥን ሁሉም ይፈጥናል፤ እሱ ከሳተም ሁሉም ይስታል። ስለዚህ የከበሮ መቺ ዋነኛው ሥራ ልክ መጠበቅ ነው። ድራም የሚባለውም በርከት ያሉ ከበሮዎችንና የነሐስ ሳሕኖችን አንድ ሰው በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚያዝበት መሣሪያ ስለ ሆነ ሥራው ያው ነው።

ጆን ቦናም የተወለደው ሜይ 31 ቀን 1948 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም አጠገብ በምትገኘው በሬዲች ከተማ ነው። አባቱ በአናጢነትና በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ባዶ የቡና ቆርቆሮና ሣጥን እየደረደረ፣ የጃዝ ከበሮ መቺዎቹን ጂን ክሩፓንና በዲ ሪችን ለመምሰል ይደበድብ ጀመር። አሥር ዓመት ሲሞላው እናቱ አንድ ከበሮ፣ አሥራ አምስት ሲሆነው ደግሞ አባቱ ሙሉ ድራም ገዙለት። ከመምህር ዘንድ ተቀምጦ አልተማረም፤ እያዳመጠና እየሞከረ ራሱን አስተማረ። በ1964 ትምህርቱን ትቶ ቀን ከአባቱ ጋር አናጢነት ሲሠራ፣ ማታ ማታ በየአዳራሹ ድራም ይመታ ነበር።

በ1968 ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ፔጅ አዲስ የሙዚቃ ቡድን ሲያቋቁም፣ ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት የቀድሞ ባልደረባውን ቦናምን ጠቆመ። ቦናም በዚያን ጊዜ ደኅና ደመወዝ ስለነበረውና ሌሎችም ስለጠሩት ወዲያው እሺ አላለም፤ በመጨረሻ ግን ተስማማ። ከባስ ጊታር ተጫዋቹ ከጆን ፖል ጆንስ ጋር አራት ሆነው የመሠረቱት ባንድ ሌድ ዜፕሊን ተባለ። በ1969 መጀመሪያ የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ቦናም በእግር የሚመታ ከበሮ ሁለት ያለው መሰለው። ያ ሁሉ ፈጣን ድምፅ የወጣው ግን ከአንድ ከበሮ፣ በአንድ ቀኝ እግር ነበር።

ሞቢ ዲክ በተባለው ዜማ ባልደረቦቹ ከመድረክ ወርደው እሱን ብቻውን ይተዉታል። ያን ጊዜ ዱላዎቹን ጥሎ፣ ልክ እንደ አገራችን ከበሮ መቺ በመዳፉ ይመታ ነበር፤ ይህም አንዳንዴ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይዘልቃል። በ1971 በወጣው አራተኛ ሸክላቸው ላይ ያለውን አንዱን ዘፈን ሲቀርጹ፣ ድራሙን በአንድ አሮጌ ቤት ደረጃ ሥር አኑረው ማይክሮፎኖቹን ከደረጃው ላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ የወጣውን ከባድ ምት የኋላ ሙዚቀኞች እየወሰዱ በዘፈኖቻቸው ውስጥ ደጋግመው አስገብተውታል።

ይህን ያህል የተሳካለት ሰው አንድ ጠላት ነበረው፤ እሱም መጠጥ ነው። ከቤተሰቡ መለየትና በአውሮፕላን መሄድ ይጨንቀው ስለነበር፣ ለረጅም ጉዞ በወጣ ቁጥር ብርጭቆውን መሸሸጊያ አደረገው። ጁን 27 ቀን 1980 በጀርመን ኑረምበርግ በሦስተኛው ዘፈን ላይ ወድቆ ዝግጅቱ ተቋረጠ። ሴፕቴምበር 24 ቀን ለአሜሪካ ጉዞ ልምምድ ሲያደርጉ ከጧት ጀምሮ እስከ ማታ አርባ መለኪያ ያህል ቮድካ ጠጣ። በጂሚ ፔጅ ቤት አስተኙት፤ በማግሥቱ ትውከት አፍኖት ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። ሲፎካከረው የኖረው ኪት ሙንም ከመጠጥ ለመላቀቅ የታዘዘለትን ክኒን ከልክ በላይ ወስዶ በ1978 ሲሞት ዕድሜው ይኸው 32 ነበር።

ሌሎቹ ሦስቱ ባልደረቦች ያለ እሱ እንደማይቀጥሉ ዲሴምበር 4 ቀን 1980 አስታወቁ። ሌላ ድራም መቺ መቅጠር አያቅታቸውም ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ ልክ ይጠብቅላቸው የነበረው ሰው ሲጎድል ግን ባንዱ ባንድ መሆኑ ቀረ። በ2007 ለአንድ ምሽት በሎንዶን ሲሰባሰቡም በአባቱ ስፍራ የተቀመጠው ልጁ ጄሰን ቦናም ነው።

እንግዲህ ወጣቶቻችን ስለ ታላቅነት ሲከራከሩ ፍጥነትንና ጩኸትን ብቻ አይቁጠሩ። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ታላቅ ሠራተኛ ማለት ሌሎቹ ሥራቸውን እንዳይስቱ ከኋላ ልኩን የሚጠብቅ፣ ሲጎድልም ጉድለቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ጆን ቦናም ይህን አሟልቶ ነበር። ለባልደረቦቹ የጠበቀውን ልክ ለራሱ ሳይጠብቅ መቅረቱ ግን የሚያሳዝን ነው፤ ከሕይወቱም መማር የሚገባን ይህንኑ ጭምር ነው።