ወጋየሁ ንጋቱ፦ መጽሐፉን ላላነበበው ያነበበ ሰው

ለዘንድሮው የመገናኘት በዓል መጽሔታችን ስለ አንድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲያችን ልጅ እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ሐኪም ነችና ሐኪም ትመርጣለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን ተዋናዩን ወጋየሁ ንጋቱን ነው። ምክንያቴን መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ቆቦ ውስጥ ከአያቴ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጉዱ ካሳን ግን እንደ ጎረቤት ታውቀው ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻንም ዛሬም በሕይወት እንዳሉ አድርጋ ታማቸዋለች። የቆላው ሙቀት ማታ ሰውን ከቤት ያስወጣዋል። የአንዱ ጎረቤት ሬዲዮ ደጅ ይወጣና ሰፈሩ ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ይሰማል። እነ አያቴ ያንን ሁሉ ታሪክ የጨረሱት እንዲህ ነው፤ አንድ ገጽ ሳይገልጡ።

ወጋየሁ የተወለደው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ለቴአትር የበቃው ግቢያችን ገና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረበት ዘመን፣ ዛሬ የባህል ማዕከል ብለን በምናውቀው የኪነ ጥበብ ማዕከል በኩል ነው። በዚያን ጊዜ የተማረ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ ቤተሰብ አንገቱን ይደፋ ነበር። ልጃችን ዶክተር ወይ ዳኛ ይሆናል ሲባል አዝማሪ ሆኖ ቀረ ይባላል። እሱ ግን ገፋበት። ከጓደኛው ከደበበ እሸቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ተልኮ የቴአትር ሙያ ተምሮ ተመለሰ፤ ከዚያም በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ስመ ጥር ከሆኑት ተዋንያን አንዱ ሆነ።

እንግዲህ የመድረክ ሰው ፊት አለው፣ እጅ አለው፣ ልብስና መብራት ያግዙታል። ወጋየሁን አገር ሁሉ ያወቀው ግን እነዚህን ሁሉ ትቶ ድምፁን ብቻ ይዞ በገባበት ቦታ ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው፤ የማንበብና የመጻፍ ዘመቻው ደግሞ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ስለ ገበሬው ቢናገርም ገበሬው አላነበበውም። በ1970ዎቹ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም ላይ መጽሐፉን በተከታታይ ሲተርከው፣ ታሪኩ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

እኔ ራሴ የሰማሁት ሐኪም ቤት ተማሪ ሳለሁ ነው። አንዷ የዶርም ጓደኛዬ ቤተሰቦቿ ከሬዲዮ የቀዱትን ካሴት አምጥታ ነበር። ለአናቶሚ ፈተና ማጥናት ሲገባን ተኝተን እንሰማለን። ያኔ ደስ ብሎኝ ብቻ ሰማሁት። ሥራውን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሰውየው አንድ ነው፤ የሚናገሩት ብዙ ናቸው። ሰብለ ወንጌልን ሲያመጣት የሴት ድምፅ ለማስመሰል አይታገልም፤ ዝግ ይላል፣ ለስለስ ይላል፣ እኛም እናያታለን። ፊታውራሪ ሲመጡ ቃሉ ይከብዳል። ጉዱ ካሳ ጋ ሲደርስ ደግሞ አነጋገሩ እንደ ሰውየው ሐሳብ አያርፍም። ሁሉንም አይነግረንም፤ ዝም የሚልበት ቦታ አለ፣ የቀረውን ለአድማጩ ይተዋል። እኛ ሐኪሞች ደረት ስናዳምጥ ትንፋሽን እንለያለን፤ እሱ ትንፋሽን የሚያውቀው ከወዲያኛው ወገን ነው፣ ከሚተነፍሰው በኩል።

ስለ ማስተዋወቅም ያስተማረኝ አለ። ለዚያ ትረካ ቆቦ ላይ ፖስተር የለጠፈ ሰው አልነበረም። ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ክፍሉ ልብ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ የቀረውን ሥራ ሰው ይሠራዋል። ያመለጠው ያልፍና ካላመለጠው ይጠይቃል፤ ወሬው እስከሚቀጥለው ክፍል ድረስ ይዘልቃል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማም ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ጤና ሲያስተምር ሰውን ያቆየው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ የሰው ታሪክ፣ ትምህርቱ ከታሪኩ ውስጥ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል። በሁለተኛው ወር አካባቢ ሳሉ ይቀንሳል፣ የሌሊት ላቡ ይጠፋል፣ ሰውነት ይመለሳል፤ ያኔ ዳንኩ ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው። ካቆመ በሽታው ሊመለስ ይችላል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ተላምዶ። እኔም ለታካሚዎቻችን አጭር የድምፅ ድራማ ጻፍኩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሐኪም ነበረች፤ ማለትም እኔው። ሐኪሟ ስለ ባክቴሪያ አምስት ደቂቃ ታስረዳለች፣ በሽተኛው እሺ ይላል፣ አለቀ። በስልኬ ቀዳሁትና ተራ መጠበቂያው ላይ በድምፅ ማጉያ አሰማሁት። ሰው ወሬውን ቀጠለ። አንዲት እናት ድምፁን እንድንቀንሰው ለመኑን፤ ስማቸው ሲጠራ አልሰማ ብሏቸው ነው።

ተናደድኩ፤ ሕዝቡ አይሰማም ብዬም አማረርኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አያቴን አስታወስኳት። አምስት መቶ ገጽ የሰማ ሕዝብ እኮ ነው! ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

እንደገና ጻፍኩት። ሐኪሟን አወጣኋት። በቦታዋ የማሽላ አጨዳ የደረሰበት አንድ ገበሬ ገባ፤ ጤና ተሰምቶታል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የቀረውን ኪኒን ጎታ ሥር ሸሽጎታል። በሦስት ክፍል ከፈልኩት። የማነብበውም እኔ መሆኔ ቀረ፤ ጨዋታ አዋቂ የሆነች የካርድ ክፍል ሠራተኛችን በራያ አነጋገሯ አነበበችው። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እናሰማለን። የመጀመሪያው ክፍል የሚያበቃው ሌሊት ላይ ትንሿ ልጁ ስትስል ነው። አባትየው በጨለማ እጁን ወደ ጎታው ይሰዳል፤ እዚያ ላይ ቆረጥነው።

በማግስቱ ቀጠሮ የሌላቸው ሁለት ሰዎች መጡ። ምን ፈልጋችሁ ነው ሲባሉ የልጅቷን ነገር ለመስማት ነው አሉ። አንደኛው መድኃኒቱን ካቋረጠ ሰንብቷል፤ ካርዱን ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ይዞት ነበር። በዚያው ዕለት መርምረነው እንደገና ጀመረ። ያቋረጡት ሁሉ ተመለሱ አልላችሁም፤ አልተመለሱም። እሱ ግን መጣ።

ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። እኔ አሁን በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነኝና ነገሩ ይከነክነኛል። የተረከው የሌላ ሰው ድርሰት ነው፤ ራሱን ከፊት አላቆመም፣ ግን አያቴ ስታርፍም ከምታስታውሳቸው ድምፆች አንዱ የእሱ ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ አንድ ልመና አለኝ። ምሳው ላይ ሐኪሞቹ ከሐኪሞች፣ የቴአትር ጥበባት ልጆች ከቴአትር ልጆች ጋር ብቻ አንቀመጥ። እናንተ ታሪኩ የት መቆም እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ እኛ ደግሞ ሰው መድኃኒቱን የት ላይ እንደሚያቆም እናውቃለን። እኔ ቆቦ ላይ የሦስት ክፍል ድራማ አለኝ፤ አራተኛውን የሚያግዘኝ ሰው ከጎኔ ይቀመጥ።