ዶክተር ጌሪ ኪልዶል፦ ከዕቃው ስም በስተጀርባ የቀሩ ሊቅ

የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ፉክክር በተነሣ ቁጥር የሚታወሱት ገበያውን ያሸነፉት ስሞች ናቸው። ገዢም አንድ ጊዜ የለመደውን ስም በቀላሉ አይለቅም፤ በሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይቶ ስለ ውስጡ ይተማመናል። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሐሳብ ማን አፈለቀው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሙያችን ታሪክ ይህ ጥያቄ በጉልህ ከሚነሣባቸው ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ጌሪ ኪልዶል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ኪልዶል በሜይ 19 ቀን 1942 በሲያትል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ወጣቱ ኪልዶልም መጀመሪያ በዚያው አስተምረዋል። ከዚያም ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኮምፒዩተር ሳይንስ በ1972 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ የውትድርና ግዴታቸውን የተወጡት በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው።

በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት ሰፊ ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋውም ከትልልቅ ድርጅቶች በቀር የማይቀመስ መሣሪያ ነበር። የኢንቴል ኩባንያ ያወጣቸው ጥቃቅን ፕሮሰሰሮች ለብዙዎች የመቆጣጠሪያ ዕቃ ብቻ መስለው ሲታዩ፣ ዶክተር ኪልዶል ግን ሙሉ ኮምፒዩተር ሊሆኑ እንደሚችሉ ተረዱ። ለኢንቴል በአማካሪነት እየሠሩ ፒ.ኤል.ኤም. የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁ። ቀጥሎም በ1974 በፓስፊክ ግሮቭ ከተማ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ፍሎፒ ዲስክን ከአነስተኛው ፕሮሰሰር ጋር አገናኝተው ሲ.ፒ.ኤም. የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፣ አሠሩ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ብልሃት በአከፋፈሉ ላይ ነው። ዶክተር ኪልዶል የእያንዳንዱን መሣሪያ ልዩ ጠባይ የሚመለከተውን ክፍል ለይተው ባዮስ በሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ውስጥ አኖሩት። የቀረው ክፍል ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። ስለዚህ አንድ አምራች አዲስ ኮምፒዩተር ሲሠራ ይህንኑ ትንሽ ክፍል ብቻ አስተካክሎ በገበያ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ለመጠቀም ቻለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲ.ፒ.ኤም. የሚሠራባቸው የኮምፒዩተር ዓይነቶች በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ኦዝቦርን ወይም ኬይፕሮ የገዛ ሰው በስሙ ቢለያይም በሥራው ይገናኝ ነበር፤ ታማኝነቱም ከሳጥኑ ይልቅ በሳጥኑ ላይ ለሚሠራው ሥራ ሆነ።

ዶክተር ኪልዶልና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶሮቲ ማክኢወን ያቋቋሙት ዲጂታል ሪሰርች የተባለው ኩባንያ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ፣ በ1980 አይ.ቢ.ኤም. የራሱን የግል ኮምፒዩተር በምስጢር መሥራት ጀመረ። መልእክተኞቹም ወደ ፓስፊክ ግሮቭ መጡ። በዚያ ዕለት ጠዋት ዶክተር ኪልዶል አውሮፕላናቸውን እያበረሩ ሄደው ነበርና፣ ዕድላቸውን በመዝናናት አሳለፉት የሚል ወሬ ለዘመናት ተናፈሰ። ጉዞው ግን የሥራ ጉዞ ነበር፤ ወደ ኦክላንድ የሄዱት ለአንድ ደንበኛ ዕቃ ለማድረስ ነው። ውሉን ዘወትር የሚደራደሩት ወይዘሮ ዶሮቲም ቢሮ ነበሩ። እርሳቸው አይ.ቢ.ኤም. ያቀረበውን፣ ለአንድ ወገን ያደላውን ምስጢር የመጠበቅ ውል ከጠበቃቸው ጋር ተማክረው አልፈርምም አሉ። ከሰዓት በኋላ ስለሆነው ነገር የተሳታፊዎቹ ቃል እስከ መጨረሻው አልተስማማም፤ ስምምነት አለመደረሱ ግን እርግጥ ነው።

ዕድሉን ያገኘው ማይክሮሶፍት ነበር። ይህ ኩባንያ አንድ የሲያትል ድርጅት በሲ.ፒ.ኤም. አሠራር አምሳል ያዘጋጀውን ፕሮግራም በመጀመሪያ በፈቃድ ተጠቅሞ፣ በጁላይ 1981 ሙሉ መብቱን በ50,000 ዶላር ገዛ። የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር በኦገስት 1981 ሲወጣ ዶክተር ኪልዶል ተመሳሳይነቱን አይተው ተቃወሙ፤ ሆኖም በፕሮግራም ላይ ያለው የባለቤትነት መብት በፍርድ ቤት ገና በሚገባ አልጠናም ነበርና ክስ አልመሠረቱም። በምትኩ አይ.ቢ.ኤም. ሲ.ፒ.ኤምንም ጎን ለጎን ሊሸጥ ተስማማ። ነገር ግን የማይክሮሶፍቱ ፕሮግራም በ40 ዶላር ሲሸጥ የእርሳቸው ዘግይቶ መጥቶ 240 ዶላር ተተመነበት። የአይ.ቢ.ኤምን ዕቃ የገዛ ኃላፊ ከወቀሳ ይድናል የሚለው እምነትም በገዢዎች ዘንድ የጸና ነበር። ስሙ መሣሪያውን ሸጠ፤ ዋጋው ደግሞ ፕሮግራሙን ለየ።

ዶክተር ኪልዶል በዚህ ተሸንፈው ሥራቸውን አልተዉም። ኩባንያቸው ጄም የተባለውን በሥዕል የሚሠራ ገጽታ በ1985 አወጣ፤ አፕል ከእኔ ገጽታ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ስለ ተቃወመ ግን ገጽታው እንዲለወጥ ተደረገ። በሲዲ ላይ የተቀረጸ ኢንሳይክሎፒዲያ ለሕዝብ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ከ1983 እስከ 1990 ድረስም ስለ ኮምፒዩተር በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በተባባሪ አቅራቢነት ሲሠሩ፣ የተቀናቃኞቻቸውን ዕቃ ሳይቀር በእርጋታ ለሕዝብ ያስረዱ ነበር። በ1991 ኩባንያቸው ለኖቬል ተሸጠ። በሞንተሬይ በደረሰባቸው ጉዳት ምክንያት በጁላይ 11 ቀን 1994 በ52 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በትውልድ ከተማቸው በሲያትልም ተቀበሩ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእርሳቸው ስም ግን ከመቃብር በላይ ለመዋል ሃያ ዓመት ቈየ፤ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በፓስፊክ ግሮቭ የቀድሞ ቢሮአቸው ደጃፍ የመታሰቢያ ሰሌዳ ያስቀመጠው በኤፕሪል 2014 ነው። ያስታወሳቸው ገበያው ሳይሆን የሙያ ማኅበር መሆኑን እኛ ልብ ልንለው ይገባል። ገበያ የሚመዘግበው የሸጠውን ነው፤ የሠራውን መዝግቦ ማቆየት የሙያ ባልደረቦች ግዴታ ነው። ዛሬም በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሲ የሚለውን የዲስክ መለያ ፊደል የሚያይ ባልደረባ፣ ዲስክን በፊደል መለየት ወደዚያ የደረሰው ከዶክተር ኪልዶል ፕሮግራም መሆኑን ያስታውስ።